ከአርባው ቀን በኋላ

በቀብሩ ዕለት ብዙ ነበርን። ሦስት አውቶቡስ ሞልተን ሄድን፤ የተረፈው በእግሩ ተከተለ። መፈክር ይዘን ነበር፤ ክንዳችን ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረን ነበር፤ ከመካከላችን ድምፅ ያለው ግጥም አነበበ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ማታ ዶርም ገብተን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስለ ሥርዓቱ ተከራከርን። በሠልስቱ ግማሻችን ተገኘን። በአርባው አሥራ አንድ ሆንን። በሰማንያው ሦስት፤ እሱም አንዱ የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ነው። በሙት ዓመቱ ከእኛ ማን እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ስለ ማን እንደምናወራ የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስሙን ግን አንጽፍም። እናቱን ጠይቀናቸው ነበር። «ስለ ራሳችሁ ጻፉ» አሉን። «የልጄን ስም ዳኛ እስኪጠራው ድረስ ተዉልኝ።» እንግዲህ ስለ ራሳችን እንጽፋለን። ጓደኛችን በፖሊስ ጥይት ነው የሞተው። እጁ ላይ ከደብተር በቀር ምንም አልነበረም። ይህን ያዩ ሰዎች አሉ። ያዩት መሰከሩ ወይ? ቆዩ፣ ወደዚያው እየመጣን ነው።

ከቀብሩ ዘጠኝ ወር በኋላ እናቱ ግቢው በር ድረስ መጡ። የልጃቸውን መጻሕፍትና ብርድ ልብስ ሊወስዱ ነበር። መታወቂያ ተጠየቁ። የሚያስገባዎት ተማሪ ማን ነው ተባሉ። ሊጠሩ የሚችሉት የተማሪ ስም የልጃቸውን ብቻ ነበር፤ እሱኑ ጠሩ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ሰው ነው። «እናቴ፣ እሱ መጥቶ ካልወሰደዎት ማስገባት አልችልም» አላቸው። ሄደው ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በፊታቸው አለፍን። የልጃቸውን ፎቶ ደረታችን ላይ ለጥፈን የነበርን ሰዎች፣ ደብተራችንን በብብታችን ይዘን፣ እየሳቅን አለፍን። በመጨረሻ ያወቀቻቸው ከበሩ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ናት። ለቅሶ ደርሳ ነበራ! አርባውንም ሰማንያውንም አልቀረችም። እሷ ሮጣ ጠራችን።

ስንደርስ አልተቆጡንም። ቢቆጡን በተሻለን። ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡና «ልጆቼ፣ ከመጣሁ አይቀር ይቺን አንብቡልኝ» አሉ። ደብዳቤዋ አንድ ገጽ ናት። ምስክር ካለዎት በዚህ ቀን ይዘው ይቅረቡ፣ ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል ትላለች። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጎረቤት ያለች የአምስተኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን ቆጥራ፣ ትርጉሙ ጠፍቷት «ከመንግሥት ነው» ብላቸው ነበር።

እኛ የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍና ተማሪዎች ነን። የመጣንበት ሥራ ማንበብ ነው። ግሪኮቹን እናነባለን፤ ሩሲያኖቹን እናነባለን፤ የማይገባንንም ቢሆን እንደገባን ሆነን እናነባለን። አንዲት የመዲናችን እናት ግን አንዲት ገጽ የሚያነብላት አንድ ሰው ከመካከላችን አጣች። በቀብሩ ዕለት ሦስት አውቶቡስ ነበርን።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ነገር አጭር ነው። የተገደለ ሰው ቤተሰብ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን ሺህ ሰው አይደለም፤ ለሺህ ቀን አንድ ሰው ነው። ሰልፉ አያስፈልግም አላልንም። ሰልፍ የወጣነው ትክክል ነበርን፤ ነገም እንወጣለን። በሰልፉ ዕዳችንን የከፈልን መስሎን መተኛታችን ግን ነውር ነው። ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ድሮ በዚህ ግቢ ፋሽን ነበር ይባላል፤ እስቲ ዛሬ ለቁም ነገር እናውለው።

ታሪካችንን እንወዳለን። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪው በአስከሬኑ ዙሪያ ስድስት ኪሎ ተሰበሰበ። የክብር ዘበኛ ወታደር ግቢው ገብቶ ተኮሰ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ወደቁ። አዲስ ገቢ ተማሪ ይህን ታሪክ የካፌውን ወረፋ ሳይለምድ ይሰማዋል። የጥላሁንን ስም የማያውቅ የለም። በማግሥቱ ከወደቁት የአንዱን ስም የሚነግረን ግን ማነው? ይህን ስንጽፍ እርስ በርስ ተጠያየቅንና ዝም ተባባልን። እነሱም እናት ነበራቸው። የእነሱም እናት ደጅ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን አይታ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አናውቅም፤ ምክንያቱም ታሪካችን የሰልፍ ታሪክ ነው፤ ከሰልፉ በኋላ ቤት የገባ ጸሐፊ የለውም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ገዳዮች ከእኛ ይልቅ አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ቤተሰብ እንደማይረሳ ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ልቅሶ ከለከሉ። አስከሬን መንገድ ዳር ጥለው እናት እንዳትነካው አደረጉ። የልጇን ሬሳ ልትወስድ የመጣችውን የጥይቱን ዋጋ አስከፈሉ። እስቲ አስቡት፣ መንግሥት አንዲት ደሀ እናት እንዳታለቅስ የሚፈራው ምን ሆኖ ነው? የእንባዋ ብዛት አይደለም ያስፈራው። የሚያለቅስ ሰው ይጠይቃል። ማን ገደለው ይላል፤ የት ቀበራችሁት ይላል፤ ዛሬ ባይመለስለት ነገ ይላል።

ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ሜይ ዴይ ሊከበር ሲል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ቀኑ በፈረንጅ ኤፕሪል 29፣ 1977 ነው። በማግሥቱ፣ ኤፕሪል 30፣ ከእኛ ውቅያኖስ ተሻግሮ አርጀንቲና ውስጥ፣ በቦነስ አይረስ ከተማ፣ አሥራ አራት ሴቶች ፕላሳ ዴ ማዮ ወደሚባለው አደባባይ ወጡ። ልጆቻቸውን የወታደሩ መንግሥት አፍኖ ወስዶባቸዋል፤ የት አሉ ሊሉ ነው የመጡት። ፖሊስ ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው አላቸው። እነሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው መዞር ጀመሩ፤ የሚዞር ሰው አልቆመማ! በየሳምንቱ ሐሙስ ዞሩ። በኋላም ነጭ ሻሽ ራሳቸው ላይ አሰሩ። በዚያው ዓመት ከመሥራቾቹ ሦስቱ ራሳቸው ታፍነው ተገደሉ። የቀሩት በሚቀጥለው ሐሙስ መጡ። ከአርባ ዓመት በላይ መጡ።

ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያስቀመጥነው ለማሳመር አይደለም። ቀኖቹ በኋላ ተገናኝተዋል። የአርጀንቲና እናቶችና አያቶች ጥያቄ ከወለዳቸው ነገሮች አንዱ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአጽም መርማሪዎች ቡድን ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጠርቶት ያው ቡድን አገራችን መጣና በጅምላ መቃብሮቻችን ላይ ሠራ። አጽም ብቻውን ስሙን አይናገርም። ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ግራ እጁ ተሰብሮ ነበር የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ፊት ለፊት ያለው ጥርሱ የተሸረፈ ነው፤ በወጣበት ቀን የለበሰው ሹራብ እኔ የሠራሁለት ነው የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ያን የሚያውቅ ቤተሰብ ብቻ ነው። አልቅሺ እንዳትባል የተከለከለችው እናት ዓመታት ሙሉ በልቧ ይዛው የኖረችው ነገር ማስረጃ ነበር ማለት ነው። የደርግ ባለሥልጣኖች ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ክርክሩ ብቻውን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከግድያው ሲቆጠር ሠላሳ ዓመት ሆነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. ወደተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶግራፎች ስታዩ ከማን መሳቢያ እንደወጡ አስቡ።

ያ የወታደር ዘመን ነው፣ አልፏል የሚለን አይጠፋም። ይሁን። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ጠባቂ ከግቢ ይውጣልን፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን ብለው ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ጋዜጣ! እንደዚህች በስቴፕለር እንደምንሰፋት ብጣሽ ወረቀት ያለ ነገር። ነገሩ ወደ ከተማው ተዛመተና ከሠላሳ በላይ ሰው ሞተ። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሆነ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠረው 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ነው። ከኮሚሽኑ አባላት መካከል የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው ብለው አገር ጥለው የተሰደዱ አሉ።

193። ቁጥሩን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ በክርክር ላይ እንደ ጥይት እንተኩሰዋለን። ስንቶቹን በስም እናውቃለን? በዚህ አገር ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙ ሰዎች ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መሪነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ የምንለው፣ መግለጫውን ሲያወጣ የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና ሰፈር በሰንጠረዥ ይጽፍ ነበር። ግጥም አይደለም፤ መፈክርም አይደለም። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ። ያን ለመጻፍ ግን አንድ ሰው ቤት ለቤት ሄዶ፣ በር አንኳክቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ፣ ተቀምጦ መስማት ነበረበት። ይህ ሥራ አደገኛ እንደነበር የሚያጠራጥር ካለ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጅ ምን እንዳደረገው ይመልከት። በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ፤ የኢሰመጉ የባንክ ገንዘብ ታገደ፤ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ ተዘጉ። አዋጁ በሌላ የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት የሚሄደው እግር ታሰረ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ይህን ሐሳብ ዶርም ውስጥ ስናነሳ አራት መልስ ተሰጥቶናል።

የመጀመሪያው የንድፈ ሐሳብ ሰዎቻችን መልስ ነው። «ይህ የእድርተኛ ሥራ ነው፤ የነቃ ተማሪ ሥርዓቱን ይታገላል እንጂ ሻይ አያቀርብም» ይላሉ። ኧረ ባካችሁ! ሥርዓት የምትሉት ነገር የት ነው የሚታየው? መጽሐፍ ላይ ነው እንዴ? ሥርዓቱ የሚታየው በጣቢያው መስኮት ነው፤ «ሂጂና ነገ ነይ» በሚለው አፍ ነው። አንድ ሰው በፖሊስ ጥይት ሲሞት ቤተሰቡ በመጀመሪያ አስከሬኑን ያገኛል ወይም ይፈልጋል፤ ከዚያ የሐኪም ምርመራ ውጤት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ የመዝገብ ቁጥር፤ ከዚያ ምስክር፤ ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ውሳኔ። በአምስቱም በር ላይ መዝገቡ ሊሞት ይችላል። የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዝ አይደለም፤ የታክሲ ገንዘብ ነው፤ ከሥራ የቀረ ቀን ነው፤ ያልተነበበ ደብዳቤ ነው። ሥርዓቱ በእናት ድካም ላይ ቆሞ ሳለ እናቲቱን ማገዝ ትግል አይደለም የሚል ሰው፣ ትግሉን የት ሊገጥም ነው?

ሕጉን እንኳ ገልጠን አናውቅም ነበር። የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን አሳዩን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሐዘን ካሳ ሊሰጥ ይችላል ይልና፣ ከ1,000 ብር መብለጥ የለበትም ይላል። ሟቹ ይረዳቸው ለነበሩት የሚጠየቀው ካሳ ሌላ ነው፤ ሐዘኑ ግን ዋጋው ተቆርጧል፤ 1,000 ብር። በ1952 ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሠልስቱን ቡናና ስኳር አይሸፍንም። ደግሞ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ካልሆነ በቀር። ሁለት ዓመት ማለት ለእኛ አራት ሴሚስተር ነው። ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት ግን ከአልጋ ለመነሣት እንኳ አይበቃም። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች፣ ያለ ፍርድ መግደልን ጨምሮ፣ በይርጋም በምሕረትም አይታለፉም ይላል። እንግዲህ ጠብመንጃው ላይ እጃችን አይደርስም፤ ቀን መቁጠር ግን ማን ከለከለን?

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከገጣሚዎቻችን ነው። «ይህች መጽሔት የሥነ ጽሑፍ ናት፤ የክስ መዝገብ አታድርጓት» አሉ። መልሳችን የከፋ ነው። ጓደኛችን በሞተ ወር ያወጣነውን ልዩ እትም መልሰን አነበብነው። አሥራ ሁለት ግጥም አለበት። በዘጠኙ ውስጥ እናት አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ አለች፤ ደረቷን እየደቃች አለች፤ ማሕፀኗን እየረገመች አለች። በዘጠኙም ውስጥ ሰው ጠይቋት የመለሰችው አንድ ቃል የለም። እናቲቱን እኛ ነን የፈጠርናት። እውነተኛዋ ከዚህ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚደረስ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ደረቷን አትደቃም፤ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ምክንያቱም ሁለት ታናናሾች አሉበት። ስለ ልጃቸው ስንጠይቃቸው መጀመሪያ የነገሩን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራና ጎመን እንደማይወድ ነው። ይህን የትኛው ግጥም ያዘው? ከመዝገብ እንራቅ የሚለው ሥነ ጽሑፍ ከሰውየውም ርቋል።

ሦስተኛው መልስ «ፖሊሱም የድሀ ልጅ ነው፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው» የሚል ነው። ይህን መልስ አናንቀውም። ከምርጫ 97 በኋላ ከሞቱት ስድስቱ ፖሊሶች ናቸው ብለናል፤ ስድስት እናት ማለት ነው። እንባቸውን ከሌላው እንባ አናበላልጥም። ግን ጠብመንጃው የግሉ አይደለም፤ ጥይቱ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ነው። የመንግሥት ጠብመንጃ ሰው ሲገድል መንግሥት ለምን እንደገደለ መናገር አለበት። ያን መጠየቅ ጥላቻ አይደለም። የተጠየቀ ፖሊስ ሌላ ቀን ጣቱን ከማስፈንጠሪያው ላይ ያነሣ ይሆናል፤ ያልተጠየቀ ግን ምን ቸገረው?

አራተኛው መልስ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የተነገረን፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «ትረዱ መስሏችሁ በቤተሰቡ ላይ መዘዝ ታመጡባቸዋላችሁ።» ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ አንዲት እርምጃ አለመሄድ ነው። ቋንቋችንን ከሚናገሩ፣ በእስራኤል ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ተምረናል። በ2019 እ.ኤ.አ.፣ ጁን 30 ቀን፣ ሰለሞን ተካ የሚባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሃይፋ አካባቢ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተመቶ ሞተ። የቤተ እስራኤል ወጣት በቁጣ ወጣ፤ የአገሩ መንገዶች ተዘጉ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሰባቱ የሐዘን ቀን እስኪያልፍ ድረስ ሰልፉን አቁሙልን ብሎ ለመነ። ቤተሰቡ ፈርቶ ነው ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን፤ ሐዘኑ የእኛ ነው፣ ሰዓቱንም እኛ እንቁረጥ ማለታቸው ነው። ፖሊሱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል የተከሰሰው በቀጣዩ ዓመት በፌብሯሪ ነው፤ ቤተሰቡ ከዚያ የከበደ ክስ ነበር የጠበቀው። ከዚያም ነገሩ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጎተተ። መንገድ መዝጋት የሦስት ቀን ሥራ ነበር፤ ፍርድ ቤት መመላለስ የዓመታት።

እንግዲህ ስለ ፍርሃት ካነሣን ቃል የገባነውን እንናገር። ጓደኛችን በወደቀበት ቀን መንገዱ ላይ ከነበሩት መካከል ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት ሁለቱ አሉበት። አይተዋል። በቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ የጮኹት እነሱ ናቸው። ቃላቸውን ግን አልሰጡም ነበር። ሰልፍ ላይ ሺህ ሆኖ መጮህ ቀላል ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አድራሻ ተናግሮ መፈረም ግን ብቻ መሆን ነው። ያቺ በላስቲክ የተጠቀለለች ደብዳቤ የምትፈልገው እነሱን ነበር። የዐቃቤ ሕግ «ምስክር» የሚለው ቃል ትርጉሙ እነሱ ናቸው። ባለፈው ወር ከእናቱ ጋር ሄደው ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። መዝገቡ ተመልሶ ይከፈት አይከፈት ገና አልታወቀም። ጀግኖች ናቸው እንድትሉ አይደለም የነገርናችሁ፤ አንድ ዓመት ዘግይተዋል። አሁንም ይፈራሉ። ከመካከላችሁ ያያችሁ ሌሎች እንዳላችሁ ስለምናውቅ ነው የነገርናችሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ነገር አላሰብንም።

አንደኛ፣ በዚህ ግቢ ልጁን በፖሊስ እጅ ላጣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑር። ደብተሩ ቤተሰቡ ዘንድ ይቀመጣል። ቀጠሮው፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ ያነጋገራቸው ሰው፣ ነገ ነይ የተባለበት ቀን ሁሉ ይጻፍበታል። ገልባጮቹ እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ቀጠሮ በሆነ ቀን ሁለት ተማሪ አብሮ ይሂድ፤ አንዱ ከሕግ ትምህርት ክፍል፣ አንዱ ከእኛ። ተናጋሪ አይሁኑ። ያንብቡ፣ ይጻፉ፣ ወረፋ ይያዙ፣ እናቲቱ ስትደክም ወንበር ይፈልጉ።

ሦስተኛ፣ እድር እናቋቁም። አያቶቻችን ጽዋ ሲጠጡ፣ እድር ሲገቡ፣ ለቅሶ በአንድ ቀን እንደማያልቅ አውቀው ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የገዙት ሰው ነገም ይሞታል ብለው ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህ ጠፋን። በወር የሁለት ሻይ ገንዘብ ከእያንዳንዳችን ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ ይበቃል።

አራተኛ፣ ይህች መጽሔት ከእንግዲህ ሳትጠይቅ በሐዘንተኛ አፍ አትናገር። ቤተሰቡ ከፈቀደ በየእትሙ አንድ ገጽ ለመዝገቡ ይተው፤ «በዚህ ወር ይህ ሆነ፤ በዚህ ወር ምንም አልሆነም» ተብሎ ይጻፍ። ምንም አልሆነም የሚለው ዐረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲታተም ከማንኛውም ግጥማችን ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ፍትሕ ይገኛል ብለን ቃል አንገባም። ሠላሳ ዓመት የጠበቁ አሉ፤ ሳያገኙ የሞቱም አሉ። ግን መዝገቡ ቢዘጋ እንኳ ማንም ስላልመጣ ነው የተዘጋው እንዳይባል ማድረግ እንችላለን። እሱ በእጃችን ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር። መጻሕፍቱን ያን ዕለት ሰጠናቸው፤ ብርድ ልብሱ ግን ጠፍቶ ነበር። አንዳችን ወስደነው ስንለብሰው ኖረናል። የወሰድክ ልጅ፣ ማን እንደሆንክ አንጠይቅህም፤ አጥበህ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ጋ አስቀምጥ።

በመጪው ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ካለው ዋርካ ሥር እንገናኛለን። ቅዳሜ ወደ እናቱ ቤት እንሄዳለን፤ ኑ ብለውናል። ሰባት ሰው ይበቃል፤ ቤቱ ጠባብ ነው። ከሰባት በላይ ከመጣን በየቅዳሜው እንከፋፈላለን። ቡና እሳቸው አለኝ ብለዋል፤ ስኳር ይዛችሁ ኑ።